ጂፕሰሙን እንክብል ከማድረጋችሁ በፊት

የደረሰኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። «ከሦስት ጓደኞቼ ጋር በዓባይ በረሃ የጂፕሰም ማምረቻ ፈቃድ አለን። እስካሁን ድንጋዩን እየፈነቀልን ለሲሚንቶ ፋብሪካ ነው የምንሸጠው። ዋጋው አላዋጣንም። አሁን ፈጭተን ፔሌት (እንክብል) እየሠራን ለገበሬም ለፋብሪካም ለማቅረብ አስበናል። የማሽን ሻጩ አንድ ወፍጮና አንድ ዲስክ ይበቃችኋል ይላል። እውነት ይበቃናል? ለአሲዳማ አፈርስ ይሆናል?»

ከመጨረሻው ልጀምር። አይሆንም። ጂፕሰም ኖራ አይደለም። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ሁለቱም ካልሲየም አላቸው፤ ሁለቱም በጆንያ ይሸጣሉ። ዝምድናቸው እዚያ ላይ ያበቃል። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አሲዱን የሚያበርደው ካልሲየሙ ሳይሆን ካርቦኔቱ ነው። ጂፕሰም ደግሞ ካልሲየም ሰልፌት ነው። ሰልፌት አሲድ አያበርድም። እንጅባራም ይሁን ወለጋ፣ ፒኤቹ (የአሲድነት ልኬቱ) 4.8 የሆነ ማሳ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ጂፕሰም ብትበትኑ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አታዩም።

ለእውነት ያህል አንድ ነገር ልጨምር። ብራዚል ውስጥ ሴራዶ በሚባለው ሰፊ አሲዳማ ምድር ገበሬዎች ጂፕሰም ይጠቀማሉ። ግን ኖራውን ትተው አይደለም፤ ከኖራው ጋር ነው። ኖራ የተበተነበት ላይ ይቀራል፤ ወደ ታች ቶሎ አይወርድም። ጂፕሰም በውሃ እየሟሟ ይወርድና ከታች ሥሩን የሚመርዘውን አሉሚኒየም ያለዝበዋል። ይህ በአፈር ምርመራ የሚወሰን ተጨማሪ ሥራ ነው እንጂ የኖራ ምትክ አይደለም። ጆንያችሁ ላይ «ለአሲዳማ አፈር» ብላችሁ ከጻፋችሁ ገበሬው አንድ ዓመት ይሞክርላችኋል። በሁለተኛው ዓመት ስማችሁንም አያነሳው።

ኖራና ጂፕሰም መለየት ላቃተው ሰው ቤት ውስጥ የሚሠራ ዘዴ አለ። ትንሽ ዱቄት ሰሃን ላይ አድርጉና ሎሚ ጨምቁበት። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ከሆነ ይፍለቀለቃል። ንጹህ ጂፕሰም ዝም ይላል። የእናንተ ዱቄት ከተፍለቀለቀ ጂፕሰማችሁ ውስጥ የኖራ ድንጋይ ገብቷል ማለት ነው። ይህ ደግሞ ወደ ዋናው ጉዳይ ይወስደኛል።

ሻጩ አልዋሸም። ዲስክ የሚባለው ማሽን ዱቄቱን እያንከባለለ ፔሌት ይሠራል። ግን እኔ ፔሌትን የማየው እንደ ማሸጊያ ነው። ድንጋዩ ውስጥ የሌለ ነገር አይጨምርም። መጥፎ ጂፕሰም ከፈጫችሁና ካድበለበላችሁ ድቡልቡል መጥፎ ጂፕሰም ነው የምታገኙት። ስለዚህ መጀመሪያ ድንጋያችሁን እወቁት።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ መንገዱ ዳር ገደሉን አይታችሁት ታውቃላችሁ። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት አለ። ዝቅ ስትሉ አሸዋማው ድንጋይ፣ ከዚያ የኖራ ድንጋዩ ይመጣል። ከእሱ ሥር ነው ጂፕሰሙ ያለው። ጂኦሎጂስቶች ይህን ንብርብር በከተማዋ ስም የጎሐ ጽዮን ፎርሜሽን ይሉታል። በጁራሲክ ዘመን ባሕር እየገባ እየወጣ፣ ውሃው እየተነነ የቀረ ነው። ችግሩ ባሕሩ ንጹህ ጂፕሰም ብቻ አላስቀመጠም። አንዱ ንብርብር ጂፕሰም ነው፤ ቀጥሎ ሼል፣ ማለትም ከጭቃ የተሠራ ድንጋይ፣ ይመጣል፤ ቀጥሎ ዶሎማይት የሚባለው የኖራ ድንጋይ ዘመድ፤ ከዚያ እንደገና ጂፕሰም። ስካቫተሩ ግን ይህን አይመርጥም። ሁሉንም በአንድ ባልዲ ያነሳዋል። ስለዚህ የጥራት ሥራችሁ የሚጀምረው ወፍጮ ቤት ሳይሆን ቁፋሮው ላይ ነው። ሼሉን ለብቻ ያነሳ ኦፕሬተር ከማንኛውም ማሽን የበለጠ ያተርፍላችኋል። ጥሩ ክፈሉት።

ሌላም አለ። ወደ ጥልቀት እየገባችሁ ስትሄዱ አንሃይድራይት ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ይህ ውሃ የሌለው ጂፕሰም ነው። በዓይን ይመሳሰላሉ፤ በጥፍር ግን ይለያያሉ። ጂፕሰምን በጥፍራችሁ ስትቧጭሩት ይጫራል። አንሃይድራይት አይበገርም። በእጅ ስትመዝኑትም ከበድ ይላል። ለሲሚንቶ ፋብሪካ የተወሰነ አንሃይድራይት ችግር ላይሆን ይችላል። ለጀሶ ግን ዋጋ የለውም፤ ለእርሻም ቀስ ብሎ ነው የሚሟሟው።

ንጽህናውን ለመለካት ትልቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ንጹህ ጂፕሰም ከክብደቱ 20.9 በመቶ የታሰረ ውሃ አለው። ናሙናውን አድቅቁ። በ45 ዲግሪ አድርቁት፤ ይህ የላዩን እርጥበት ብቻ ያወጣል። መዝኑ። ከዚያ በ230 ዲግሪ ገደማ ለሁለት ሰዓት ያህል አቆዩትና ቀዝቀዝ ሲል እንደገና መዝኑ። የቀነሰውን በመቶኛ ለ20.9 አካፍሉት። 18 በመቶ ከቀነሰ ንጽህናው 86 በመቶ ገደማ ነው። 14 ከሆነ 67 ብቻ ነው፤ ያንን ድንጋይ ፈጭታችሁ ባትደክሙ ይሻላል። አንድ ምድጃና አንድ ጥሩ ሚዛን ያለው ማንኛውም ትምህርት ቤት ይህን ይሠራላችኋል። ይህን ልኬት በየሳምንቱ ደብተር ላይ የሚጽፍ ሰው ይኑራችሁ። ገዢ ሲመጣ ደብተሩን ማሳየት ብዙ ክርክር ያስቀራል።

አሁን ገዢውን እንይ። እውነቱን ለመናገር ፔሌቱ የሚያጓጓው ገዢው ማን እንደሆነ እስኪጠየቅ ድረስ ነው።

የሲሚንቶ ፋብሪካ ፔሌት አይፈልግም። ክሊንከሩ፣ ማለትም ከምድጃ የወጣው ያልተፈጨ ሲሚንቶ፣ ሲፈጭ ከ3 እስከ 5 በመቶ ጂፕሰም ይጨመርበታል፤ ያ ባይኖር ሲሚንቶው ውሃ ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ድርቅ ይላል። ግን ፋብሪካው የራሱ ትልቅ ወፍጮ አለው። እናንተ የፈጫችሁትን መልሶ ሊፈጨው ተጨማሪ ብር አይከፍልም። የሚፈልገው መጠኑ የተስተካከለ፣ ጭቃ የሌለበት፣ ንጽህናው ከጭነት ጭነት የማይዋዥቅ ድንጋይ ነው። በሌሎች አገሮች ለሲሚንቶ ፔሌት የሚሠሩ አሉ። እነሱ ግን ጂፕሰሙ ከከሰል ኃይል ማመንጫ እንደ እርጥብ ዱቄት ስለሚመጣላቸውና መጋቢውን ስለሚዘጋባቸው ነው። እናንተ ድንጋይ ያላችሁ ሰዎች ያንን ችግር ገዝታችሁ አትምጡ።

ጀሶ ሠሪም ፔሌት አይፈልግም። እሱ የሚፈልገው የተጠበሰ ዱቄት ነው። ጂፕሰም ከ120 እስከ 160 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሲጠበስ ከታሰረው ውሃ ሦስት አራተኛውን ይለቃል፤ ክብደቱም በ16 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ያ ነው ጀሶ። ውሃ ሲያገኝ የወሰዱበትን ውሃ መልሶ ይጠጣና ይጠነክራል። የግድግዳው ጀሶም፣ ሐኪም ቤት እግር የሚታሰርበትም ይኸው ነው። ድንጋያችሁ ነጭ ከሆነና ንጽህናው ከ90 በላይ ከወጣ፣ በእኔ አስተያየት ከፔሌት በፊት ይህን ብታስቡበት ይሻላል። በየቤቱ ኮርኒስ የሚሠራበት ከተማ ቅርባችሁ ነው።

ሦስተኛው ሶዳማ አፈር ያለበት እርሻ ነው። ጂፕሰም እውነተኛ መድኃኒት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሶዲየም የበዛበት አፈር ሲረጥብ ይላላና ቀዳዳው ይደፈናል፤ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። ውሃ አያስገባም። ጂፕሰም ሲሟሟ ካልሲየሙ የሶዲየሙን ቦታ ይይዛል። የተፈናቀለው ሶዲየም ከሰልፌቱ ጋር ሆኖ በውሃ ታጥቦ ይሄዳል። ለብዙ ዓመታት ጥጥ በመስኖ ሲለማበት የኖረው መካከለኛው አዋሽ፣ አሚባራና መልካ ሰዲ አካባቢ፣ የጨውና የሶዲየም ችግር የታወቀ ነው። ወረር ያለው የምርምር ማዕከልም በዚሁ ጉዳይ ላይ ሲሠራ ኖሯል።

ግን ሂሳቡን አብረን እንሥራ። በ100 ግራም አፈር ውስጥ ያለን 1 ሚሊኢኩቫለንት (የአፈር ላቦራቶሪ ውጤት የሚጻፍበት የመጠን መለኪያ) ሶዲየም ከ30 ሳንቲሜትር ጥልቀት ለማስለቀቅ በሄክታር ወደ 3.8 ቶን ንጹህ ጂፕሰም ያስፈልጋል። ካልሲየም፣ ሶዲየምና መሰሎቻቸውን በ100 ግራም መያዝ የሚችለው 40 ሚሊኢኩቫለንት የሆነ ከባድ አፈር አለን እንበል። ሶዲየሙ ከዚህ 20 በመቶውን ይዟል፤ ወደ 10 ማውረድ እንፈልጋለን። 4 ሚሊኢኩቫለንት መልቀቅ አለበት። ስለዚህ 15 ቶን ንጹህ ጂፕሰም። የእናንተ ንጽህናው 85 ከሆነ 18 ቶን፣ ማለትም 180 ኩንታል። ለአንድ ሄክታር! 400 ኩንታል የጫነ ተሳቢ ከሁለት ሄክታር ትንሽ አልፎ ያልቃል። ያም ከዓባይ በረሃ ዳገቱን ወጥቶ፣ አዲስ አበባን አልፎ፣ አዋሽ ወርዶ ነው። እዚህ ላይ የማድበልበያ ወጪ ጨምሮ መሸጥ ቀልድ ነው። ይህ ገዢ የሚፈልገው በጅምላ የተጫነ ርካሽ የደቀቀ ጂፕሰም ነው።

ለዚያውም ውሃ ካለው ነው። አንድ ሊትር ውሃ የሚያሟሟው ጂፕሰም 2.4 ግራም ገደማ ነው። 15 ቶኑን በውሃ ብቻ ለማሟሟት ማሳው ላይ ከ600 ሚሊሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ውሃ ይጠይቃል። አፈሩ ካልሲየሙን እየሳበ ስለሚወስድ በተግባር ከዚህ ሊያንስ ይችላል። ቢሆንም ብዙ ውሃ ነው። የታጠበው ሶዲየም የሚወጣበት ቦይ ከሌለ ደግሞ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው፤ የከርሰ ምድር ውሃው ሲነሳ ጨዉን መልሶ ያመጣዋል። ደግሞ ነጭ ጨው ላዩ ላይ የታየበት አፈር ሁሉ ሶዳማ አይደለም። ተራ ጨዋማ ከሆነ የሚያስፈልገው ጥሩ ውሃና ቦይ ነው፤ ጂፕሰም አያሻውም። የላቦራቶሪ ውጤት ያልያዘ ገዢ ሲመጣባችሁ መጀመሪያ አስመርምር በሉት። አንድ ሽያጭ ይቀርባችኋል፤ ስማችሁ ግን ይተርፋል።

አራተኛው ጂፕሰምን እንደ ማዳበሪያ የሚፈልገው ነው። ፔሌት ቦታ ያለው እዚህ ነው። የሚበተነው በመቶ ኪሎዎች ስለሆነ ወጪውን ይሸከማል። ዱቄት በነፋስ ይበንናል፣ መበተኛ ማሽን ውስጥ ይጣበቃል፣ ከሌላ ማዳበሪያ ጋር አይደባለቅም። ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር የሆነ እንክብል ግን እንደ ዩሪያ ይፈስሳል። ንጽህናው 90 የሆነ 100 ኪሎ ጂፕሰም 17 ኪሎ ገደማ ሰልፈርና 21 ኪሎ ካልሲየም ይይዛል። ጥሩ ቁጥር ነው። ሆኖም የኛ ገበሬ ሲጨምረው የቆየው ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ራሱ በኩንታል 7 ኪሎ ሰልፈር አለው። ኤንፒኤስ የሚጨምር ሰው ለሰልፈር ብሎ ሁለተኛ ጆንያ የሚገዛበት ምክንያት አይታየኝም። ማዳበሪያ ደግሞ በአብዛኛው በመንግሥት ግዢ የሚመጣና በማኅበራት በኩል የሚከፋፈል ነው፤ ሱቅ ከፍቶ እንደ ሽንኩርት መሸጥ አይቻልም። ማሽን ከማዘዛችሁ በፊት ግብርና ቢሮ ሄዳችሁ ምርቱን ለማስመዝገብ ምን እንደሚጠየቅ ጠይቁ።

እኔን ብትጠይቁኝ ከማዳበሪያው ገበያ ውስጥ ዓይኔን የምጥለው ለውዝ ላይ ነው። ለውዝ ጉደኛ ተክል ነው። ፍሬው የሚያፈራው መሬት ውስጥ ሲሆን ካልሲየሙን የሚወስደው በሥሩ በኩል ሳይሆን ቅርፊቱ ራሱ በቀጥታ ከአፈሩ ነው። ላይኛው አንድ ስንዝር አፈር ካልሲየም ካጠረው ቅርፊቱ ያምራል፤ ስትፈለፍሉት ባዶ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጆርጂያና ቨርጂኒያ ያሉ የለውዝ ገበሬዎች አበባ ሲጀምር ጂፕሰም ይበትናሉ፤ መጠኑም በሄክታር ወደ አንድ ቶን ይደርሳል። እኛ ጋ ባቢሌና ፈዲስ በአሸዋማ አፈር ላይ ለውዝ ያመርታሉ። ካልሲየም ያንሳቸዋል ብዬ አልደመድም፤ አፈሩ ይመርመር። ግን ጥቂት ማሳ ላይ ሞክሮ ባዶውን ቅርፊት መቁጠር ከባድ አይደለም። ከዓባይ በረሃ ሐረርጌ ሩቅ መሆኑን አትርሱ።

እሺ፣ ይህን ሁሉ ሰምታችሁ አሁንም ፔሌት እንሠራለን ካላችሁ ወደ ሥራው እንግባ።

በሶ ጨብጣችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ፔሌት ማለት እሱ ነው። ውሃው ሲያንስ ይበተናል። ሲበዛ ይላቁጣል። ልክ ሲሆን እጅ ውስጥ ይይዛል። ዲስኩ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ዘንበል ያለ ትልቅ ሰፌድ አስቡ፤ እየዞረ ዱቄቱን ያንከባልላል፤ ከላይ ውሃ ይረጭበታል። ትንሿ ፍሬ እየተንከባለለች ዱቄት እየለበሰች ታድጋለች። ያደጉት ወደ ላይ ተንሳፍፈው ከጠርዙ ላይ ይፈሳሉ፤ ትንንሾቹ ከሥር ይቀራሉ። ስፋቱ 3 ሜትር የሆነ ዲስክ ከ45 እስከ 55 ዲግሪ አዘንብሎ በደቂቃ ከ12 እስከ 15 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ይበልጥ ቀጥ ስታደርጉት ፍሬው ቶሎ ይወጣል፤ ትንሽ ይሆናል። የጠርዙን ከፍታ ስትጨምሩ ይቆያል፤ ትልቅ ይሆናል። ቀሪው የኦፕሬተሩ ዓይን ነው።

ዱቄቱ መድቀቅ አለበት። አብዛኛው በ150 ማይክሮን ወንፊት ካላለፈ ፍሬው አይያያዝም። ጂፕሰም ለስላሳ ስለሆነ ክሬሸርና ሃመር ሚል አይፈትነውም፤ ለማድቀቅ ሬይመንድ ወፍጮ በቂ ነው። የሚያስቸግረው እርጥበቱ ነው። ክረምት ላይ ውጭ የተከመረ ጂፕሰም ወፍጮ ውስጥ ሲገባ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ክምሩ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥሩ፤ ከየትኛውም ማሽን በፊት። አቧራውንም ቸል አትበሉ። ጂፕሰሙ ራሱ ያን ያህል ክፉ አይደለም። አብሮት የሚፈጨው ሼል ግን ኳርትዝ ይይዛል፤ ኳርትዝ ሳንባ ይጎዳል። የአቧራ ማጣሪያ ከረጢትና ለሠራተኛው ጭንብል ከበጀቱ እንዳትቀንሱ።

ማያያዣም ያስፈልጋል። በውሃ ብቻ የተሠራ ፔሌት ሲደርቅ መንገድ ላይ ዱቄት ይሆናል። በውጭ አገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት ሊግኖሰልፎኔት ነው፤ ከወረቀት ፋብሪካ የሚወጣ ተረፈ ምርት። ለእናንተ ከውጭ የሚገባ ስለሆነ የውጭ ምንዛሪ ጣጣ አለው። እኛ ጋ ያለው ሞላሰስ ነው፤ ከስኳር ፋብሪካዎች። ይሠራል። ከ1 እስከ 3 በመቶ ጀምራችሁ ሞክሩ። አልኮል ጠማቂውና ከብት አድላቢው ግን ይሻሙባችኋል፤ ሲበዛ ደግሞ ፔሌቱ እርጥበት ይስብና በጆንያው ውስጥ ይጣበቃል።

ከዲስኩ የወጣው ፍሬ እርጥብ ነው። ሻጩ ያልነገራችሁ ትልቁ ማሽን እዚህ ይመጣል፤ ማድረቂያው። እርጥበቱ 15 በመቶ ከሆነ ለአንድ ቶን ደረቅ ፔሌት 176 ኪሎ ውሃ ማትነን አለባችሁ። በተለመደው ማድረቂያ ይህ ወደ 17 ሊትር ናፍጣ ይበላል። ውሃውን ቆጥባችሁ 10 በመቶ ላይ ከሠራችሁ ወደ 11 ሊትር ይወርዳል። ለዚህ ነው ከዲስኩ በፊት ዱቄቱንና ውሃውን በፍጥነት የሚያማታ ማደባለቂያ የሚመከረው፤ ውሃው እኩል ስለሚዳረስ ያንሳል። ዱቄቱም አይቦንም። ይህን የናፍጣ ሂሳብ በዛሬ ዋጋ አባዙትና የምትሸጡበት ዋጋ አጠገብ አስቀምጡት።

ማድረቂያው ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፤ እኔንም አንዴ ይዞኛል። ከዓመታት በፊት በአንድ ፋብሪካ ስሠራ ምርት ለማፋጠን ብለን የማድረቂያውን እሳት ከፍ አደረግነው። ፔሌቱ ደርቆ፣ ነጥቶ፣ አምሮ ወጣ። ሁላችንም ደስ አለን። በጆንያ ታሽጎ መጋዘን ገባ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጆንያው ሲከፈት ውስጡ አንድ ወጥ ድንጋይ ሆኗል። በመዶሻ ነው ያወጣነው። ምን ሆነ መሰላችሁ? በሙቀቱ የፔሌቱ ላይኛው ክፍል ጀሶ ሆኗል። ከአየሩ እርጥበት ሲጠጣ እርስ በርሱ ተጣበቀ። ከዚያ ወዲህ የአየሩን ሙቀት ማየት ትቼ የሚወጣውን ፍሬ ራሱን እለካለሁ። ከ80 ዲግሪ ባያልፍ እመርጣለሁ። ሳይቀዘቅዝም አይታሸግም።

ወፍጮም እንዲሁ ነው፤ ሲግል ዱቄቱን በከፊል ጀሶ ያደርገዋል። ያ ዱቄት ዲስኩ ላይ ውሃ ሲያገኝ ብረቱ ላይ ይጋገራል። የሚገርመው፣ ሆነ ብለው ትንሽ ጀሶ እንደ ማያያዣ የሚጨምሩም አሉ። ያያይዛል። ግን መጠኑን ካልያዛችሁት ማሳ ላይ የማይፈርስ ጠጠር ነው የምትሠሩት።

ስለ መፍረስ ካነሳን፣ ጥሩ ፔሌት ሁለት ተቃራኒ ነገር ይጠየቃል። በመኪና ሲጫን መጠንከር፣ በዝናብ ሲመታ መፍረስ። አሥር ፍሬ ከጉልበት ከፍታ ብረት ላይ ደጋግማችሁ ጣሉ፤ ከተሰባበረ ማያያዣው አንሷል። ሌላ አሥር ፍሬ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሩ፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደ ዱቄት መመለስ አለበት። በማግሥቱም ድቡልቡል ሆኖ ከጠበቃችሁ ለገበሬ አትሽጡት።

ከዩሪያ ጋር ቀላቅላችሁ ለመሸጥም አትቸኩሉ። ዩሪያ ከጂፕሰም ጋር ይዋሃድና የታሰረውን ውሃ ያስለቅቃል። ደረቅ የገባው ድብልቅ ከጊዜ በኋላ ረጥቦ ታገኙታላችሁ።

ደጋግሜ ለሰዎች የምነግረው አንድ አማራጭ አለ፤ ለማሽን ሻጮች ስለማይጥም ማንም አይነግራችሁም። ድንጋዩን በክሬሸር ሰባብራችሁ በወንፊት ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ያለውን ለዩ። ያለቀለት ነው። ውሃ የለ፣ ሞላሰስ የለ፣ ማድረቂያ የለ፣ ናፍጣም ለክሬሸሩ ብቻ ነው። ይፈሳል፣ አይቦንም፣ ይበተናል። ጉድለቱ የሚሟሟው ከላዩ ብቻ ስለሆነ ከፔሌት ይዘገያል፤ ጠርዙም ሹል ነው። ለሰልፈርና ለካልሲየም ቀስ ብሎ መሟሟቱ ብዙ ጊዜ አይጎዳም፤ ለለውዝ ግን ቶሎ ስለሚፈለግ ደቀቅ ያለው ይሻላል። ከወንፊቱ ያለፈው ደቃቅ ለሶዳማ አፈር ወይም ለጀሶ ይሄዳል፤ ትልቁ ለሲሚንቶ። ከአንድ ክሬሸር ሦስት ገዢ ማለት ነው። እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን የመጀመሪያውን ዓመት በዚህ እጀምራለሁ።

ፔሌቱን መሞከር ከፈለጋችሁ ዲስክ ሳትገዙ ይቻላል። አንድ ቤቶኔራ ተከራዩ። ውስጡን አጥባችሁ 30 ኪሎ ደቃቅ ዱቄት ጨምሩበት። በደንብ የታጠበ የጀርባ መርጫ ውሰዱ፤ ሞላሰስ የተበጠበጠበት ውሃ ሞልታችሁ ቤቶኔራው እየዞረ በስሱ እርጩ። የረጫችሁትን መዝግቡ። ፍሬው መታየት ሲጀምር አቁሙ፣ ፀሐይ ላይ አስጡ፣ አበጥሩ፣ ከላይ ያልኳችሁን ሁለት ሙከራ አድርጉ። እንደ ዲስክ የተስተካከለ አይወጣም። ግን ዱቄታችሁ ይያያዛል ወይስ አይያያዝም፣ ስንት ውሃ ይጠጣል የሚለውን በሁለት ቀን ታውቃላችሁ።

ውጤቱ ጥሩ ሆኖ ወደ ዲስኩ ከመጣችሁ ሻጩን ማድረቂያው፣ ወንፊቱ፣ ትልቁንና ትንሹን ፍሬ የሚመልሰው መስመር፣ ማቀዝቀዣውና የአቧራ ማጣሪያው በዋጋው ውስጥ አሉ ወይ ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁት። «በሰዓት 5 ቶን» የሚለው ቁጥር ከዲስኩ የሚወጣው ነው ወይስ ተጣርቶ ጆንያ የሚገባው? ብዙ ፍሬ ከልክ በላይ ወይም በታች ሆኖ ስለሚመለስ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ቅድሚያ ክፍያ ከመላካችሁ በፊት ደግሞ ሁለት ኩንታል ዱቄት ላኩለትና በራሱ ማሽን ሠርቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ዱቄቱ የእናንተው ይሁን፤ ሼሉም ዶሎማይቱም ሳይለቀም፣ ከቁፋሮው በሚመጣበት መልኩ።